የካርቱም ግድግዳዎች፤ የአደባባይ ሥዕልን ማን ይፈቅዳል? ማንስ ይፍቃል?

በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ስለ ሐውልት ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የምናገኘው ማን እንዳቆመው፣ መቼ እንደተመረቀና ለማን መታሰቢያ እንደሆነ ነው። ሐውልቱ እንዲቆም ማን ሐሳብ እንዳቀረበ፣ ሐሳቡን ማን መርምሮ እንደፈቀደ፣ የአካባቢው ነዋሪ ተጠይቆ እንደሆነ፣ ኋላም ተነሥቶ ከሆነ በማን ትእዛዝና በስንት ሰዓት እንደተነሣ ግን እምብዛም አይጻፍም። በግድግዳ ላይ የተሣለ ሥዕል ሲሆንማ ጭራሽ ስሙም አይነሣ። ሐውልት ቢያንስ ከሥሩ ስምና ዓመተ ምሕረት ይቀረጽበታል፤ ቢነሣም የቆመበት መደብ ይቀራል። የግድግዳ ሥዕል ግን ኖራ ከተቀባበት በኋላ እንደነበረ የሚመሰክርለት ነገር የለም።

በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ ጉዳይ በጎረቤታችን በሱዳን ዋና ከተማ፣ በካርቱም ታሪክ ላይ ተመርኩዘን ለመመልከት እንሞክራለን። ካርቱምን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ይህች ከተማ ለዘለዓለም ይቆማል ተብሎ የተተከለ የነሐስ ሐውልት ተነቅሎ ወደ መጣበት አገር ሲመለስ አይታለች፤ ማንም በጽሑፍ ያልፈቀደው የግድግዳ ሥዕልም ለሁለት ወር ያህል የጦር ኀይሎቿን ጠቅላይ መምሪያ አካባቢ ሲያለብሰው አይታለች። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲታዩ አንዱ ስለ ሌላው ብዙ ይናገራል። የዘመን አቈጣጠርን በሚመለከት፣ ስለ ሱዳንና ስለ አውሮፓ ስንናገር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር፣ ስለ አገራችን ስንናገር ደግሞ በራሳችን አቈጣጠር «ዓ.ም.» እያልን እንጠቅሳለን።

እንደሚታወቀው ጄኔራል ቻርልስ ጎርደን የተባለው እንግሊዛዊ መኰንን ጃንዋሪ 26 ቀን 1885 የመሐዲ ተከታዮች ካርቱምን ሰብረው በገቡ ጊዜ ተገደለ። እነዚህ ሰዎች በእኛ ታሪክ ደርቡሽ ተብለው የሚጠሩት፣ በ1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ የተዋጓቸው ናቸው። ጎርደን ከሞተ ከ13 ዓመት በኋላ፣ በ1898፣ ኪችነር ኦምዱርማን አጠገብ በተደረገው ጦርነት የደርቡሽን መንግሥት ጣለና ፈራርሳ የነበረችውን ካርቱምን እንደ አዲስ አስቀየሳት። ከተማ እንደ አዲስ ሲቀየስ አደባባይ ይኖረዋል፤ አደባባይ ከተገኘ ደግሞ መካከሉ ላይ የሚቆም ነገር ይፈለግለታል።

ኤድዋርድ ኦንስሎ ፎርድ የተባለ ቀራፂ ጎርደንን በግመል ላይ እንደተቀመጠ አድርጎ ቀርጾት ነበር። የመጀመሪያው ቅጂ እንግሊዝ አገር ቻታም በሚባለው ከተማ፣ በመሐንዲስ ጦር ሰፈር ውስጥ ቆመ። ሁለተኛው ቅጂ በ1902 ለንደን ላይ ለሕዝብ እንዲታይ ከተደረገ በኋላ ወደ ካርቱም ተልኮ በ1904 ከቤተ መንግሥቱ ብዙም ሳይርቅ ተተከለ። ኋላም ኪችነር ራሱ በፈረስ ላይ እንዳለ የተቀረጸበት ሐውልት ተጨመረ።

ለመሆኑ ሐሳቡን ማን አቀረበ? ማንስ መረመረው? ሱዳን በዚያን ጊዜ በስም የእንግሊዝና የግብፅ የጋራ ግዛት ትባል እንጂ በተግባር የሚያዝባት እንግሊዝ ነበር። የለንደን ነዋሪ ሐውልቱን አስቀድሞ ቆሞ አየው፤ ወደደም ጠላም የመሰለውን ሊናገር ይችል ነበር። በየቀኑ በሥሩ የሚያልፈው የካርቱም ነዋሪ ግን ያየው ከተተከለ በኋላ ነው። አባቱን ወይም ወንድሙን በ1898 ጦርነት ላይ ያጣ የኦምዱርማን ሰው በድልድዩ ተሻግሮ ወደ ገበያ ሲሄድ ኪችነርን በፈረስ ላይ ተቀምጦ ሲያየው ምን እንደሚሰማው የጠየቀው አስተዳደር አልነበረም።

ሱዳን ጃንዋሪ 1 ቀን 1956 ነጻነቷን ስታውጅ ሁለቱ ሐውልቶች በቦታቸው ነበሩ። ከዚያም በኋላ ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀር ድረስ ቆዩ። ኖቬምበር 17 ቀን 1958 ጄኔራል ኢብራሂም አቡድ ሥልጣን ያዘ፤ በሚቀጥለው ወር ሐውልቶቹ ተነሡ። አልተሰበሩም፤ ወደ እንግሊዝ አገር ተላኩ። ግመለኛው ጎርደን ዎኪንግ አጠገብ በስሙ በተሰየመው ትምህርት ቤት በ1959 ቆመ፤ ኪችነርም በ1960 ቻታም ላይ እንደገና ተተከለ። ዛሬም እዚያው ናቸው።

ከዚህ ላይ ቆም ብለን ልናስብበት የሚገባ ነገር አለ። ሐውልቶቹ መነሣታቸው ተገቢ እንደነበር የሚጠራጠር አፍሪካዊ ብዙ አይገኝም፤ እኛም አንጠራጠርም። ይሁን እንጂ አቡድ ሥልጣን እንደያዘ ምክር ቤቱን በትኖ የፖለቲካ ፓርቲዎችን አግዶ ነበር። ስለዚህ ሐውልቶቹ ሲተከሉ ያልተጠየቀው ሕዝብ ሲነሡም የሚጠየቅበት ሸንጎ አልነበረውም። ውሳኔው መልካም ሆኖ የውሳኔው መንገድ የቀድሞው ሊሆን እንደሚችል ተማሪዎቻችን ከዚህ ሊያዩ ይችላሉ። ሌላም ነገር አለ። ግመለኛው ጎርደን በካርቱም የቆመው 54 ዓመት ብቻ ነው። በነሐስ ተሠርቶ በድንጋይ መደብ ላይ ሲቀመጥ ማንም «ጊዜያዊ» ብሎ አልጠራውም፤ የአንድ ሰው ዕድሜ ያህል እንኳ ግን አልቆየም።

የጎርደን ነገር ወደ ለንደን ይወስደናል፤ ምክንያቱም እዚያም በሌላ ቀራፂ፣ በሃሞ ቶርኒክሮፍት የተሠራ የጎርደን ሐውልት በ1888 ትራፋልጋር በተባለው ታላቅ አደባባይ መካከል ቆሞ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1943፣ ከዚያ ተነሥቶ በ1953 በቴምዝ ወንዝ ዳር ተተከለ። በዚሁ አደባባይ በሰሜን ምዕራብ ማዕዘን አንድ ባዶ የድንጋይ መደብ አለ። በ1841 የተሠራው የንጉሥ ዊልያም አራተኛ የፈረስ ሐውልት እንዲቆምበት ነበር። ገንዘብ አልበቃ አለና ሐውልቱ ሳይሠራ ቀረ። መደቡም ከ150 ዓመት በላይ ባዶውን ኖረ። የከተማው ሰው «አራተኛው መደብ» ይለዋል።

ከ1999 እስከ 2001 ድረስ ሦስት የጥበብ ሥራዎች በየተራ ከቆሙበት በኋላ መደቡ ለቋሚ ሐውልት ሳይሆን ለሚፈራረቁ ጊዜያዊ ሥራዎች እንዲውል ተወሰነ፤ ኀላፊነቱም ለለንደን ከንቲባ ጽሕፈት ቤት ተሰጠ። አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። አንድ ኮሚቴ ሠዓሊዎችንና ቀራፂያንን ሐሳብ እንዲያቀርቡ ይጋብዛል። ከቀረቡት መካከል የተመረጡት ጥቂቶቹ ሐሳባቸውን በትንሽ ሞዴል ሠርተው ያመጣሉ፤ ሞዴሎቹም ማንም ያለ ክፍያ እየገባ እንዲያያቸው ለሕዝብ ይታያሉ፤ ያየው ሰው አስተያየቱን ጽፎ ይሰጣል። ኮሚቴው አስተያየቱን ተመልክቶ ይመርጣል። የአካባቢው ማዘጋጃ ቤትም የግንባታ ፈቃድ እንዲሰጥ ይጠየቃል። የተመረጠው ሥራ ሁለት ዓመት ያህል ቆሞ ይነሣና ተራውን ለሌላ ይለቃል።

ይህ ድምፅ መስጠት አይደለም። የሕዝቡ አስተያየት ይሰማል እንጂ አይቈጠርም፤ የመጨረሻው ቃል የኮሚቴው ነው። ለብዙ ሰው የማይዋጥለት ሥራም ተመርጦ ያውቃል። በ2009 አንቶኒ ጎርምሊ ምንም ሳይቀርጽ 2,400 ተራ ሰዎች እያንዳንዳቸው ለአንድ ሰዓት መደቡ ላይ እንዲቆሙ ያደረገ ጊዜ፣ ይህ ደግሞ ምኑ ጥበብ ነው ያለ ብዙ ነበር። መቶ ቀን አለፈና ነገሩ አበቃ። እንደ እኛ አስተያየት የአሠራሩ ዋና ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ ማብቂያው ቀን አስቀድሞ ስለሚታወቅ የማይወደው ሰው እስኪያልፍ ይታገሣል፤ ሲነሣም የሚዋረድ ወገን የለም፤ መዶሻ ይዞ የሚመጣም አይኖርም። በ2022 የማላዊ ተወላጅ የሆነው ሳምሰን ካምባሉ የጆን ቺሌምብዌን ሐውልት በዚያ መደብ ላይ አቆመ። ቺሌምብዌ በ1915 በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ላይ ተነሥቶ የተገደለ የኒያሳላንድ ሰባኪ ነው፤ ሐውልቱ የተቀረጸው በ1914 ከተነሣ ፎቶግራፍ ሲሆን፣ ጥቁር ሰው በነጭ ፊት ባርኔጣ እንዳያደርግ በሚከለከልበት ዘመን ባርኔጣውን እንዳደረገ ቆሟል። ጎርደን ለ55 ዓመት በቆመበት አደባባይ ቺሌምብዌ ሁለት ዓመት ቆሞ ሄደ።

እንግዲህ ወደ ካርቱም እንመለስ። ኮሚቴና የማመልከቻ ቅጽ ስለሌለ ብቻ በሱዳን ሥዕልን የሚፈቅድ ሥርዓት አልነበረም ማለት አይቻልም። ከጥንት ጀምሮ የነበረ አንድ ሥርዓት አለ፤ እርሱም የባለ ግድግዳው ፈቃድ ነው። በሰሜን ሱዳን፣ በኑቢያ ምድር፣ በዋዲ ሐልፋ አካባቢ የነበሩት ቤቶች የውጭ ግድግዳቸው በጭቃ ልስን ላይ በሚወጡ ጌጦች፣ በአንበሳ፣ በአዞ፣ በወፍና በአበባ ሥዕል ያጌጠ ነበር፤ በልስኑ መካከል የሸክላ ሳህን የሚያስገቡም ነበሩ። ይህን ሥራ የሚሠሩ በስም የታወቁ ባለሙያዎች ነበሩ። ማርያን ዌንዘል የተባለች ተመራማሪ ከመንደር መንደር እየዞረች ሥዕሎቹን መዝግባ በ1972 መጽሐፍ አሳትማለች። አሠሪው ባለቤቱ ነው፤ ሠርግ ሲደርስ ወይም ከቤተ ሰቡ አንዱ ከመካ ሲመለስ ግድግዳው እንደ አዲስ ይጌጣል። ሠዓሊው ሐሳቡን ያቀርባል፣ ባለ ቤቱ ይመርጣል፣ ይከፍላል፤ መንደሩ ደግሞ እያለፈ እያገደመ ይፈርዳል። ዝናብና ፀሐይ ሲያጠፋው ለሚቀጥለው ሠርግ ሌላ ይሣላል። ጊዜያዊነቱ የሚያሳዝነው ሰው አልነበረም።

ያሳዘነው ሌላ ነው። የአስዋን ታላቅ ግድብ በግብፅ ሲሠራ ውሃው ወደ ሱዳን ወሰን ዘልቆ እንደሚተኛ ስለታወቀ፣ 50,000 ያህል የሱዳን ኑቢያውያን ከ1964 ጀምሮ ወደ ኸሽም ኤል-ጊርባ እንዲሰፍሩ ተደረገ። (ኸሽም ኤል-ጊርባ ከእኛ ተከዜና አንገረብ የሚሰበሰበው ውሃ በአትባራ ወንዝ የሚያልፍበት ቦታ ነው።) እዚያ የጠበቃቸው በመንግሥት ፕላን የተሠራ፣ በረድፍ የተሰለፈ፣ አንዱ ከሌላው የማይለይ ቤት ነበር። ግድግዳው የእኔ ነው ለማለት እንደገና መጀመር ነበረባቸው። የቀድሞዎቹ ጌጠኛ ግድግዳዎች በሐይቁ ሥር ቀሩ።

በካርቱም ከተማ ውስጥ ግን ትምህርት ያለው ሠዓሊ ሥራው ሌላ ነበር። በጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ ውስጥ በ1946 የተከፈተው የንድፍ ትምህርት ቤት ከጊዜ በኋላ አድጎ የሥነ ጥበብ ኮሌጅ ሆነ፤ ከዚያም «የካርቱም ትምህርት ቤት» ተብለው በዓለም የታወቁ ሠዓሊዎች ወጡ። ከእነርሱ ዋነኛው ኢብራሂም ኤል-ሳላሂ በባህል መሥሪያ ቤት ከፍተኛ ሹም ሆኖ ሲሠራ በሴፕቴምበር 1975 በኒሜሪ መንግሥት ታሰረና ካርቱም ባለው ኮበር እስር ቤት ስድስት ወር ቆየ። በእስር ቤቱ መጻፍም ሆነ መሣል ክልክል ነበር። ኤል-ሳላሂ በተገኘው ብጫቂ ወረቀት ላይ እየሣለ በአሸዋ ውስጥ ይቀብረው ነበር። የሥዕል ሹም የነበረ ሰው የራሱን ሥዕል መሬት ውስጥ የሚደብቅበት ጊዜ መጣ ማለት ነው። በዚያች ከተማ ሥዕልን የመፍቀድ ሥልጣን ምን ያህል በአንድ እጅ እንደነበረ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ መፈለግ አያሻም።

አሁን ወደ 2019 እንምጣ። በዲሴምበር 2018 የዳቦ ዋጋ በመናሩ የተነሣው ተቃውሞ አትባራን ጨምሮ ከከተማ ወደ ከተማ ተዛመተ፤ የ30 ዓመቱ የኦማር አል-በሽር አገዛዝ እንዲወገድ ወደ መጠየቅም አደገ። ኤፕሪል 6 ቀን 2019 ብዙ ሺህ ሕዝብ ካርቱም ውስጥ በጦር ኀይሎች ጠቅላይ መምሪያ ፊት ተሰብስቦ ተቀመጠ፤ አልነሣም አለ። ቀኑ በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም፤ ኤፕሪል 6 ቀን 1985 ኒሜሪ በሕዝብ ተቃውሞ የወደቀበት ቀን ነው። ከአምስት ቀን በኋላ፣ ኤፕሪል 11፣ ጦሩ አል-በሽርን አወረደ። ሕዝቡ ግን ሥልጣን ለሲቪል መንግሥት ካልተሰጠ አንሄድም ብሎ በዚያው ቆየ። ኤፕሪል 23 ከአትባራ በባቡር የተጫኑ ሰልፈኞች መጥተው ተቀላቀሉት።

በእነዚያ ስምንት ሳምንታት ቦታው ትንሽ ከተማ ሆኖ ነበር። ድንኳን ተተክሏል፤ ሐኪሞች ሕመምተኛ ያያሉ፤ ሻይና ምግብ ይታደላል፤ በመግቢያው ላይ የቆሙ ወጣቶች ገቢውን ሰው በትሕትና ይፈትሻሉ። ግድግዳውም ሥራ አላረፈም። የሥነ ጥበብ ኮሌጅ ተማሪዎች፣ የታወቁ ሠዓሊዎች፣ ብሩሽ ይዘው የማያውቁም ሳይቀሩ በዩኒቨርሲቲውና በአካባቢው ሕንፃዎች አጥር ላይ ይሥሉ ጀመር። ጋላል ዩሱፍና አላ ሳቲር ከታወቁት መካከል ናቸው። አላ ሳቲር በተለይ ሴቶችን ሣለች፤ በዚያ ተቃውሞ ሴቶች ከፊት ተሰልፈው ነበርና። የተጨበጠ ጡጫ፣ በ1956 የተሰቀለው ሰማያዊ፣ ቢጫና አረንጓዴ ባንዲራ፣ የተገደሉ ወጣቶች መልክ፣ «ትውደቅ፤ በቃ!» የሚለው መፈክር በየግድግዳው ታየ።

ይህን ሁሉ ማን ፈቀደው? የማዘጋጃ ቤት ማኅተም ያረፈበት ወረቀት የለም። ግን ያለ ፍርድ የተሣለ ነው ማለትም አይደለም። በለንደን ሞዴሉ በአዳራሽ ውስጥ ይታያል፤ በካርቱም ሠዓሊው ገና ንድፉን ሲያወጣ ሕዝቡ ከጀርባው ቆሞ ያያል፣ ይጠይቃል፣ ይተቻል፣ ይህን ጨምርበት ይላል። ይህም ቢሆን ጉድለት አልነበረውም አንልም። አጥሩ የማን እንደሆነ ሁልጊዜ አልተጠየቀም። ሥዕሉን የማይወድ፣ ወይም ፖለቲካው የማይስማማው ሰው በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል «እኔ አልተስማማሁም» ብሎ ለመናገር ይደፍር ነበር ማለት ያስቸግራል። የብዙ ሰው ደስታ የአንዱን ዝምታ እንደ ስምምነት ሊቈጥረው ይችላል። ተማሪዎች ይህን ቢከራከሩበት እንወዳለን፤ መልሱ አንድ ብቻ አይደለምና።

በዚሁ ጊዜ ከአደባባዩ ርቆ በየሠፈሩ የተሠራ ሌላ ሥራ አለ። አሲል ዲያብ የተባለች ሠዓሊት በተቃውሞው የተገደሉትን ሰዎች መልክ በራሳቸው ቤት የውጭ ግድግዳ ላይ መሣል ጀመረች። ከመሣሏ በፊት ቤተ ሰቡን ታስፈቅዳለች፤ ከፎቶግራፍ ላይ መልኩን ትወስዳለች፤ የጸጥታ ሰዎች እንዳይደርሱባት ጠባቂ አቁማ ትሠራለች። እናት፣ አባት፣ ጎረቤት እያየ መልኩ ከግድግዳው ላይ ይወጣል። ሠዓሊቷ ራሷ አውቃ ትሁን ወይም አይሁን፣ በዚህ አሠራር የኑቢያው ሥርዓት ከተማ ውስጥ ተመልሶ መጣ። ባለ ግድግዳው ይፈቅዳል፣ መንደሩ ያያል። ልዩነቱ ግድግዳው የተዋበው ለሠርግ ሳይሆን ለሐዘን መሆኑ ነው።

ጁን 3 ቀን 2019፣ የረመዳን ጾም ሊፈታ ጥቂት ሲቀረው፣ ገና ሳይነጋ የታጠቁ ኀይሎች ወደ ቦታው ገብተው ሕዝቡን በጥይት በተኑት። የሱዳን ሐኪሞች ኮሚቴ ከ100 በላይ ሰዎች መገደላቸውን አስታወቀ፤ መንግሥት የጠቀሰው ቍጥር ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ነበር። ከዓባይ ወንዝ አስከሬን ወጣ። ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ከአንድ ወር በላይ ተቋረጠ። ከተገደሉት አንዱ መሐመድ ማታር የ26 ዓመት ወጣት ነበር፤ ሰማያዊ ቀለም ይወድ ስለነበር በዓለም ዙሪያ ያሉ ሰዎች ሥዕላቸውን በሰማያዊ ቀለም እየለወጡ አሰቡት።

ሕዝቡ ከተበተነ በኋላ ግድግዳዎቹ ተቀቡ። ድንኳኑ ተቃጥሏል፣ ሰው የለም፤ የቀረው የተሣለው ነበርና እርሱም ጠፋ። ይህን ለማድረግ ሐሳብ ያቀረበ፣ የመረመረ፣ አስተያየት የጠየቀ የለም። ሲሣሉ ብዙ ሺህ ሰው ያያቸው ሥዕሎች ሲፋቁ ማንም ቆሞ እንዲያይ አልተፈቀደለትም። ዛሬ ስለ እነርሱ የምናውቀው በቦታው የነበሩ ሰዎች በየስልካቸው ካነሡት ፎቶግራፍ ነው። የመንግሥት ግድግዳ መንግሥት የፈለገ ዕለት ይቀባዋል። በአንድ ቤተ ሰብ ግድግዳ ላይ ያለውን መልክ ለመፋቅ ግን በሩን ማንኳኳትና ልጇን ያጣችውን እናት ፊት ለፊት ማየት ያስፈልጋል። የባለ ግድግዳው ፈቃድ ለመሣል ብቻ ሳይሆን ለመጠበቅም ምን ያህል ጉልበት እንዳለው የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

በኦክቶበር 25 ቀን 2021 ጦሩ እንደገና ሥልጣን ሲይዝ ተቃውሞው ተመለሰ፤ ሥዕሉም አብሮ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ የመጣው ግን ሌላ ነው። ኤፕሪል 15 ቀን 2023 በጦር ሠራዊቱና ፈጥኖ ደራሽ በሚባለው ኀይል መካከል ጦርነት ተነሣ፤ ካርቱም ራሷ የጦር ሜዳ ሆነች። ጦር ሠራዊቱ ቤተ መንግሥቱን መልሶ የያዘው በማርች 2025 ነው። ብሔራዊ ሙዚየሙ ተዘረፈ። ሚሊዮኖች ከቤታቸው ተፈናቀሉ፤ በካርቱም ይኖሩ ከነበሩት ኢትዮጵያውያንም ብዙዎቹ በመተማ በኩል ወደ አገር ቤት ገብተዋል። ባለ ግድግዳው ራሱ ሲሰደድ ፈቃዱን የሚጠይቀው የለም።

አንባቢያን ይህ ሁሉ የሩቅ ነገር እንዳይመስላቸው፣ ወደ ራሳችን ከተማ ወደ አዲስ አበባ እንመልከት። የዳግማዊ ምኒልክ የፈረስ ሐውልት በጥቅምት 1923 ዓ.ም. በዘውድ በዓሉ ዋዜማ ተመረቀ። ፋሺስቶች ከተማይቱን ከያዙ በኋላ ወራት ሳይቈጠሩ ሐውልቱን በሌሊት አንሥተው ቀበሩት፤ ሰው ሲነጋ ባዶውን አገኘው። የካርቱም ግድግዳዎችም የተፋቁት ሕዝቡ በሌለበት መሆኑን ልብ ይሏል። ከነጻነት በኋላ ሐውልቱ ወደ ቦታው ተመለሰ። የሌኒን ሐውልት ደግሞ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1983 ቆሞ በእኛ አቈጣጠር ግንቦት 15 ቀን 1983 ዓ.ም. ወረደ። ሁለቱ 1983ዎች ለተማሪ እንቅፋት ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ስምንት ዓመት ያህል ነው። አስተማሪ ይህን ሳያብራራ ካለፈ ሐውልቱ ቆሞ በዚያው ዓመት የወደቀ ይመስላቸዋል።

በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በሚከበርበት ጊዜ አዲስ አበባ በጊዜያዊ ሥዕልና ቅስት ተሞልታ ነበር። የማርክስ፣ የኤንግልስና የሌኒን ታላላቅ ምስሎች በአብዮት አደባባይ፣ ዛሬ መስቀል አደባባይ በሚባለው፣ ተሰቅለው የነበረበትን ጊዜ የሚያስታውሱ ብዙ ሰዎች ዛሬም አሉ። ከተማው የተጠየቀ አልነበረም፤ ያን ጊዜም መጠየቅ አይታሰብም። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ነገር ግን ለየት ይላል። የባቡር መንገድ በሥሩ ስለሚያልፍ በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ተነሣ። ምክንያቱም ተነገረ፣ እንደሚመለስም ተነገረ፤ ሕዝቡ ግን ላይመለስ ይችላል ብሎ ሠጋ፣ ተከራከረም። ሐውልቱ በብሔራዊ ሙዚየም ቆይቶ በ2008 ዓ.ም. ወደ ቦታው ተመለሰ። ሥጋቱ የመጣው ሰው ጥርጣሬ ስለሚወድ አይደለም፤ ከዚያ በፊት የተነሡት ሁሉ እንዴት እንደተነሡ ስለሚያውቅ ነው።

እኛ በማሠልጠኛ ተቋም ከዕጩ መምህራን ጋር ይህን ርእስ ስንሠራ የምንሰጠው የቤት ሥራ ቀላል ነው። እያንዳንዱ በተወለደበት ከተማ አሁን የሌለ አንድ ሐውልት፣ አንድ የግድግዳ ሥዕል ወይም አንድ የበዓል ቅስት ይመርጣል። ከሽማግሌ፣ ከማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ፣ ከድሮ ፎቶግራፍ አንሺ ይጠይቃል። ማን እንዲሠራ አሳሰበ? ማን ፈቀደ? ገንዘቡ ከየት መጣ? እስከ መቼ ይቆያል ተብሎ ነበር? ያነሣው ማን ነው፤ በቀን ነው በሌሊት? የመጀመሪያዎቹን ጥያቄዎች ብዙዎቹ ሞልተው ያመጣሉ። በመጨረሻው ጥያቄ ፊት ለፊት ያለው ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ሆኖ ይመለሳል። በሁለተኛው ሳምንት ወደ ሽማግሌዎቹ ተመልሰው እንዲሄዱ የምናደርገው ስለዚሁ ባዶ ቦታ ነው። ጥያቄው «ምን ነበር?» ሳይሆን «ሲነሣ ወዴት ነበሩ?» የሚል ሲሆን ሽማግሌው ወንበሩን ሳብ አድርጎ መናገር ይጀምራል።